ሳይራቡ የከፈሉት ማዕድ

በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ግዛት በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1971 ተከፍቶ ዛሬ አራት ታላላቅ የመዝናኛ ፓርኮችንና ከሃያ የሚበልጡ ሆቴሎችን በአንድ አጥር ግቢ ያህል የሰበሰበውን ዋልት ዲዝኒ ወርልድን ልጆቹን ይዞ ሊጎበኝ ያሰበ የቤተ ሰብ አባት፣ የአውሮፕላኑን ቲኬት ከቈረጠ፣ የማደሪያውን ክፍል ከመረጠና የመግቢያውን ዋጋ አይቶ ራሱን ከነቀነቀ በኋላ፣ አሁንስ ሁሉ አለቀ ብሎ ሊያርፍ ሲል አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ለጉዞው ገና ወራት ቀርተውት ሳለ፣ ወደ ፊት በዚያ የሚርበውን ረኃብ ዛሬ ገምቶ፣ የሚበላውን ምግብ ከነመጠጡ ከፍሎ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ለአራት ሰዎች ቤተ ሰብ ከ1,000 ዶላር በላይ ሊወስድ የሚችል ውል ስለ ሆነ፣ የሚያቀርበው ወገን የተጠነቀቀበትን ያህል የሚቀበለውም ሊጠነቀቅበት ይገባል።

ይህ «የምግብ ዕቅድ» የሚባለው ውል አሁን በሚታወቅበት መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ተቋርጦ፣ ፓርኮቹ እንደገና ከተከፈቱም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 9 ቀን 2024 በሁለት ዐይነት ተከፍሎ ተመለሰ። አስቀድሞ ከፍሎ መብላት ራሱ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ ወንደላጤው ሠራተኛና ከወላጆቹ ርቆ የሚማረው ተማሪ፣ የወሩን ገንዘብ ለምግብ ቤቷ ባለቤት አስረክበው፣ በደብተር ወይም በኩፖን እየተቈጠረላቸው በኮንትራት ሲበሉ የኖሩ ናቸውና። ነገር ግን በኮንትራት ቤት አንድ ቀን የቀረ ሰው በማግሥቱ «እትዬ፣ ትናንት እኮ አልመጣሁም» ብሎ የሚከራከርባት ባለቤት አለችው፤ እርስዋም ፊቱን አይታ፣ ያመመውን ከሰነፈው ለይታ፣ ቀኑን ትተውለታለች። በፍሎሪዳው ውል እንዲህ ያለ ምሕረት የለም፤ ሳይበላ የቀረው ሁሉ ከሆቴሉ በሚለቁበት ዕለት እኩለ ሌሊት ሲሆን ይሠረዛል።

አሠራሩን ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንየው። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የሚቈጠረው በዶላር መሆኑ ቀርቶ «ክሬዲት» በሚባል መስፈሪያ ነው። የመጀመሪያው ዐይነት ውል ለእያንዳንዱ ሰው በየአዳሩ፣ በመስኮት ታዝዞ በትሪ የሚወሰድ ሁለት ፈጣን ምግብ ከነመጠጡ፣ አንድም መክሰስ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ዐይነት ደግሞ ከሁለቱ ፈጣን ምግቦች አንዱን ወስዶ፣ በምትኩ አስተናጋጅ ባለበት ቤት ተቀምጠው ዋናውን ምግብ፣ ጣፋጩንና መጠጡን የሚቀበሉበትን አንድ ሙሉ ማዕድ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲመለስ የተቈረጠለት ዋጋ ለፈጣኑ ከ10 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው በአዳር 57.01 ዶላር፣ ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለ ሕፃን 23.83 ዶላር ሲሆን፣ ለሁለተኛው 94.28 ዶላርና 29.69 ዶላር ነበር። በሁለቱም ላይ አንድ ባለ እጄታ ኩባያ ይጨመራል፤ ኩባያውም በሆቴሉ ውስጥ ቡናና ለስላሳ እየተቀዳበት የሚመላለስ ሲሆን፣ ወደ ፓርኮቹ ይዘውት ቢገቡ ግን የሚሞላው የለም።

አዳር የሚለውን ቃል አንባቢ እንዳያልፈው እለምናለሁ። አምስት ሌሊት የሚያድር ቤተ ሰብ በስፍራው የሚውለው ስድስት ቀን ሲሆን፣ የሚሰጠው ግን የአምስት ቀን ምግብ ነው፤ በየቀኑም ቢሆን የሚቈጠረው ሁለት ገበታና አንድ መክሰስ ብቻ ስለ ሆነ፣ ማለዳ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ቍርስ የሚሉ ልጆች ያሉት ወላጅ የሦስተኛውን ገበታ ዕዳ ከኪሱ ይከፍላል። ለአስተናጋጁ የሚሰጠው ጉርሻም በውሉ ውስጥ አልገባም፤ በዚያ አገር ልማድ ደግሞ ከሒሳቡ 18 ወይም 20 በመቶ ሳይተዉ ከገበታ መነሣት ነውር ነው። ከፍ ያለ ስም ያላቸው ምግብ ቤቶችና በሲንደሬላ ግንብ ውስጥ የሚበላው ማዕድ በአንድ ሰው ሁለት ክሬዲት ስለሚወስዱ፣ በዚያ አንድ ማታ የተቀመጠ ሰው የሌላውን ቀን ገበታ አብሮ በልቶት ይነሣል።

ከሁሉ ይልቅ የብዙ ቤተ ሰብን ሒሳብ የሚያዛባው ግን የዕድሜ ነገር ነው። በዚህ ውል ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አባቱ ይቈጠራል፤ ሆዱ ገና የልጅ ሆድ ሆኖ ሳለ፣ ግማሽ ሳንድዊች በልቶ ወደ መጫወቻው ለመሮጥ የሚቸኩለው የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ በ2024ቱ ዋጋ በአዳር 94.28 ዶላር ይጠየቅበት ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ከዐሥራ አንድ ወር የሆነው የጎረቤቱ ልጅ ግን በ29.69 ይስተናገድ ነበር። በአምስት አዳር የአንድ ልጅ ልዩነት ብቻ 322.95 ዶላር ነበር። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በበኩሉ ከቍጥር ውጭ ሆኖ ከወላጆቹ ሳሕን ይጐርሳል። ደግሞም ከቤተ ሰቡ መካከል አንዱ ገብቶ ሌላው መቅረት አይችልም፤ በአንድ ውል ጉዞውን የያዙት፣ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ሁሉ አንድ ዐይነት ዕቅድ መግዛት አለባቸውና፣ የልጅ ልጆቿን ለማየት ከአገር ቤት የመጣች፣ በቀን አንድ ጊዜ ቀምሳ «በቃኝ፣ ልጄ» የምትል አያትም እንደ ጎረምሳ የልጅ ልጇ ሙሉውን ትከፍላለች።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ስለ ምን ይገዛዋል ቢባል፣ መልሱ ከሒሳብ ይልቅ በሰው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ድራዘን ፕሬሌክና ጆርጅ ሎወንስታይን የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ጠይቀው እንደ ተረዱት፣ ለልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ መሣሪያ ቢሆን እየተጠቀሙ ቀስ በቀስ መክፈልን የሚመርጠው ያው ሰው፣ ለመዝናኛ ጉዞ ሲሆን ሳይሄድ አስቀድሞ ከፍሎ መጨረስን ይመርጣል፤ ምክንያቱም በተድላው ሰዓት የዕዳው ሐሳብ እየመጣ ኅሊናውን እንዳይነካበት ይሻል። ይህን መሻት እኔ አላቃልለውም። ፀሓይ በሚያቃጥልበት የፍሎሪዳ ቀትር፣ ሦስት ልጆች በሦስት አቅጣጫ ልብሱን እየጐተቱት፣ ለአንድ በርገርና ለአንድ ሳሕን ጥብስ ድንች የሚጠየቀውን ዋጋ ከግድግዳው ላይ እያነበበ፣ በልቡ ወደ አገሩ ብር እየመነዘረ የሚቆዝም አባት፣ በእጁ የሚበላው እንጀራ አይሆንለትም፤ ዋጋውን ሳያይ «ያሻችሁን እዘዙ» ለማለት መቻልም ራሱን የቻለ ዕረፍት ነው፤ ዕረፍትም በገንዘብ ቢገዛ የሚነቀፍ አይደለም።

ዳሩ ግን ያው ጠባይ በሌላ በኩል ሰውን ያስራል። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 በጻፉት ጥናት፣ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የዓመት የቲያትር ቲኬት ከሚገዙት ሰዎች ለአንዳንዶቹ በዕጣ ዋጋ ቀንሰው፣ ሌሎቹን ሙሉውን አስከፍለው ቢከታተሏቸው፣ በዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉውን የከፈሉት ቲያትር ቤቱን ከሌሎቹ አብልጠው ጎበኙ፤ ሁሉም ለማየት የተዘጋጁት ያንኑ ትርኢት ሆኖ ሳለ፣ ያወጡት ገንዘብ እግራቸውን ይጐትተው ነበር። በማዕድም እንዲሁ ነው። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሜኑውን ሲገልጥ የሚፈልገው የወደደውን መሆኑ ይቀርና በጣም ውዱን ይሆናል፤ ጣፋጩ በውሉ ውስጥ ስላለ ሳይጠግብ ቀርቶ ሳይሆን ጠግቦም ያዝዘዋል፤ ልጁ መጫወቻው ላይ ሊወጣ ሲያለቅስ «ቈይ፣ እራታችን ተይዟል» ይለዋል።

ይህ ሁሉ በግልጥ የሚታየው በመጨረሻው ማታ ነው። በአራት ሰዓት ገደማ ከእነዚያ ሆቴሎች ወደ አንዱ ሱቅ የገባ ሰው፣ ቦርሳቸውን ጠቅልለው የጨረሱ ወላጆች በደረሰኛቸው ግርጌ የታተመውን የቀሪ ክሬዲት ቍጥር እያነበቡ በብስኩትና በከረሜላ መደርደሪያ ፊት ተሰልፈው ያገኛቸዋል። «አባዬ፣ እኔ እኮ ጠግቤያለሁ» ይላል ትንሹ ልጅ እያዛጋ፤ «ግዴለም፣ ስምንት መክሰስ ቀርቶናል፣ ለመንገድ ይሆነናል» ይላል አባት፣ ያልወደደውን ብስኩት በክንዱ ላይ እየደረደረ። አንዱ መክሰስ በቀትር አይስክሬም ቢሆን ኖሮ ስድስትና ሰባት ዶላር ያወጣ የነበረ ሲሆን፣ በዚያች ሰዓት ግን በከረጢት ከረሜላ ይመነዘራል። የዚህን ጊዜ ገንዘቡን ያተረፈ ይመስለዋል።

በስደት የሚኖረው የእኛ ወገን፣ በተለይ ከዋሽንግተን፣ ከአትላንታና ከሌሎችም ከተሞች በበጋ የትምህርት ዕረፍት መኪናውን ሞልቶ ወደዚያ የሚነዳው፣ ከዚህ ሁሉ ላይ የራሱ የሆነ አንድ ሒሳብ አለበት። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከሆነ፣ ከበዓለ ኀምሳ ወራት በቀር ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለ ሆነ፣ አምስት አዳር ያደረ ሰው ስድስት ተከታታይ ቀን ይውላልና ከሁለቱ ቢያንስ አንደኛው ሳያገኘው አይቀርም፤ ጉዞው ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለት በዚያ አቈጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 ቢውል ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ይህ ጾም ልጆች እንኳ የሚጾሙት፣ በብዙ ቤት ከዐቢይ ጾም ይልቅ የሚወደድ ጾም ነው። በእርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በዚያ በሚገኙት ሜኑዎች ላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቍላል የሌለበት ምግብ በትንሽ ቅጠል ሥዕል ተለይቶ ስለሚታይ ጾመኛ የሚበላው አያጣም፤ ነገር ግን የውሉ ዋጋ የተመሠረተው በሥጋው፣ በቅቤ በተሠራው ጣፋጭና ዕድሜው 21 የሞላው ሰው በሚያዝዘው ቢራ፣ ወይን ወይም ኮክቴል ላይ ነው። አልኮል የማይቀምስ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ ከዚያም የምስር ሾርባ የሚበላ ሰው ያንኑ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ከአጠገቡ ተቀምጦ ስቴክና ወይን ለሚያዝዘው ሰው ማካካሻ ይሆናል። ሐላል ብቻ የሚበላው ሙስሊም ወገናችንም በየምግብ ቤቱ አስቀድሞ ጠይቆ ካላረጋገጠ፣ ከፍሎ ሳለ አሳና አትክልት ሲመርጥ ሊሰነብት ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ እኛ በአንድ ገበታ ዙሪያ አብሮ መቍረስ የለመድን ሕዝብ ስለ ሆንን፣ የዚያ አገር የአንድ ሰው ሳሕን ለሁለት ሲበቃ እያየን ሁለት ከማዘዝ አንዱን ተካፍለን መብላት ይቀናናል፤ ይህ መልካም ልማድ ግን በነፍስ ወከፍ ለተከፈለ ውል ኪሳራ ነው።

በ2024ቱ የዕቅድ ዋጋ በቍጥር እንየው። ለማሳያ ያህል ለአዋቂ አንድ ፈጣን ምግብ ከነመጠጡ 18 ዶላር፣ ለሕፃን 9 ዶላር፣ መክሰስ 6 ዶላር፣ የዲዝኒ ገጸ ባሕርያት በየጠረጴዛው እየዞሩ ልጆችን የሚያቅፉበት የቡፌ እራት ለአዋቂ 65፣ ለሕፃን 42 ዶላር ነው እንበል፤ የ6.5 በመቶውንም የሽያጭ ግብር እንጨምር፤ በውሉ ዋጋ ውስጥ ግብሩ ተካቷልና። አንዱ ቤተ ሰብ አባት፣ እናት፣ የ11 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት ሴት ልጅ ያሉት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በፓርኩ ውስጥ እየሮጠ ፈጣን ምግብ የሚበላ፣ በአምስት አዳር አንድ ማታ ብቻ ልጅቱ ከሚኪ ማውስ ጋር ፎቶ እንድትነሣ ቡፌው ዘንድ የሚሄድ ነው። ይህ ቤተ ሰብ ሁለተኛውን ዕቅድ ቢገዛ 1,562.65 ዶላር ይከፍላል፤ በየገበታው ቢከፍል ግን የዚያችን ማታ ጉርሻ ጨምሮ 1,027 ዶላር ገደማ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን፣ የፈጣኑን ዕቅድ ቢመርጥ ደግሞ 974.30 ዶላር ይሆንና፣ ከዚያ ላይ የልጅቱን የቡፌ ማታ ሌላ ገንዘብ አውጥቶ ካልገዛ በቀር ሚኪን ከሩቅ ያያል።

ሁለተኛው ቤተ ሰብ ያው አባትና እናት ናቸው፤ ልጆቹ ግን 5 እና 8 ዓመት የሆናቸው፣ ከመጫወቻዎቹ ይልቅ ልዕልቶቹንና ሚኪን የሚወዱ ናቸውና፣ በየማታው ገጸ ባሕርያት ባሉበት ቤት ሊበሉ ወስነዋል። ዕቅዱ ለእነርሱ 1,239.70 ዶላር ሲሆን፣ ያንኑ ምግብ በየገበታው ቢከፍሉ 1,555 ዶላር ገደማ ያወጡ ነበር፤ ጉርሻው በሁለቱም መንገድ ስለማይቀር ከሒሳቡ አላስገባሁትም። ወላጆቹ ከእራቱ ጋር አንዳንድ ብርጭቆ ወይን ቢያዝዙ ትርፋቸው ይሰፋል። ምስጢሩ በሕፃናቱ ላይ ነው፤ አንድ የገጸ ባሕርያት እራት ለሕፃን የሚጠየቅበት 42 ዶላር፣ ለሕፃኑ የሙሉ ቀን ምግብ ውል ከተቈረጠው 29.69 ይበልጣልና። ስለዚህ እኔ የምመክረው፣ ልጆቹ ሁሉ ከዐሥር ዓመት በታች የሆኑለት፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ ተቀምጦ ለመብላት ጊዜውም ትዕግሥቱም ያለው፣ የማይጾምና ወይን የማይጠላ ቤተ ሰብ ሁለተኛውን ዕቅድ ሳያመነታ እንዲገዛ ነው። ዐሥር ዓመት ያለፈው ልጅ በገባበት ቤት ግን ሚዛኑ ወዲያው ወደ ሌላው ጐን ያጋድላል። የፈጣኑ ዕቅድ በበኩሉ ለማንም ብዙ ሲያተርፍ አይታየኝም፤ በጣም ውድ የሆነውን እየመረጠና አልኮል እያከለ ለሚያዝዝ ካልሆነ በቀር፣ የሚሸጠው የሐሳብ ዕረፍቱን ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ኩባንያው እንግዳ በሚቀንስበት ወቅት ዕቅዱን «በነጻ» እሰጣለሁ ይላል። እንዲህ ያለው ስጦታ የሚገኘው ክፍሉን ያለ አንዳች ቅናሽ በሙሉ ዋጋ ለሚይዝ ስለ ሆነ፣ በዚያው ወቅት ለክፍሉ ብቻ ከሚሰጠው ቅናሽ ጋር ሳይነጻጸር ነጻ ነው ተብሎ ሊታመን አይገባም፤ ክፍሉ ውድ በሆነ ቍጥር ቅናሹ፣ ቤተ ሰቡ በበዛ ቍጥር ደግሞ ምግቡ የሚሻል ይሆናል።

ዕቅዱን የገዛ ሰው ሌላም የማይቀርለት ድካም አለበት። ክሬዲት መያዝ ወንበር መያዝ አይደለም፤ ተወዳጆቹ ምግብ ቤቶች ከ60 ቀን አስቀድሞ የሚያዙ በመሆናቸው፣ በዚያን ዕለት ማለዳ ተነሥቶ በየማታው የት እንደሚበላ ያልወሰነ ሰው፣ የከፈለበትን ገበታ ፍለጋ ከምግብ ቤት ወደ ምግብ ቤት ይንከራተታል። ልጅ አተኵሶት የተያዘው ሰዓት ቢያልፍና በጊዜው ባይሠረዝ ቅጣት አለ።

ዕቅዱን ለተወ ሰው በአንጻሩ የተከፈተ አንድ በር አለ፤ በዚያ ወደ ፓርኮቹ ከቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት አልተከለከለም። በበሩ ላይ ቦርሳውን የሚፈትሸው ዘበኛ የሚፈልገው የብርጭቆ ዕቃ፣ አልኮልና ከልክ ያለፈ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሣጥን ነው፤ በፕላስቲክ ከረጢት የታሰረውን ዳቦ ቆሎ ገልጦ፣ ምን እንደ ሆነ ባያውቅም፣ መልሶ አስሮ ያሳልፈዋል። በውስጥም በፈጣን ምግብ መስኮቶች ላይ ውኃ ከነበረዶው በኩባያ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ቍርሱን በሆቴሉ ክፍል በልቶ፣ ቆሎና ፍራፍሬ በቦርሳ ይዞ የገባ ቤተ ሰብ ከሦስቱ ገበታዎች ሁለቱን ብቻ ይገዛል፤ የጾሙ ቀን ሲሆን ደግሞ አንዱን።

እንግዲህ ከመወሰን በፊት አንድ ማታ በቤት መቀመጥ ያስፈልጋል። የምግብ ቤቶቹ ሜኑ ከነዋጋው በግልጥ ስለሚገኝ፣ ልጆቹን በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀምጦ፣ የትኛው ቀን በየትኛው ፓርክ እንደሚውሉና ምን መብላት እንደሚወዱ በራሳቸው አፍ እየጠየቁ፣ ከየቀኑ ትይዩ ዋጋውን መጻፍ፣ ረቡዕና ዓርብን ለይቶ ማስመር፣ ከዚያም ግብሩን ጨምሮ ደምሮ የዓመቱን የዕቅድ ዋጋ ከጐኑ ማስቀመጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መቸኰልም አያስፈልግም፤ ክፍሉ ከተያዘ በኋላም ዕቅዱን መጨመር ስለሚቻል፣ በስልክ ያለችው የኩባንያው ሠራተኛ «የምግቡንስ አብሬ ልጨምርልዎ?» ብላ በትሕትና ስትጠይቅ፣ «አይ፣ እሱን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን እንደውላለን» ማለት ይበቃል።